ስቴንቶሪያኗ ጫልቱ

የጫልቱን ማረፍ ደውላ የነገረችኝ ትንሿ ልጇ ናት። "እትዬ አስቴር፣ እማዬ ዐረፈች" አለችኝና ለቅሶ አሸንፏት ስልኩን ዘጋችው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሳሪስ አቦ በታክሲ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ሄድኩ። ከሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ሥር ድንኳን ተተክሎ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "ምን ያለች ሴት መሰለችሽ! ይሄን ሁሉ ዓመት ስንጎራበት አንድ ቀን ድምጿን ሰምተን አናውቅም" አሉኝ።

"ኮሽታ የላትም እኮ" አለች ሌላዋ። "ልጆቿን ስትቆጣ እንኳ በሹክሹክታ ነው። እንዲህ ዓይነት ዝምተኛ ሰው ሲፈጠር።"

ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ሳቄ ያመልጠኝ ነበር። ሴቶቹ ውሸታቸውን አይደለም፤ የሚያውቋትን ጫልቱን ነው የሚናገሩት። እኔ ግን ሌላ ጫልቱ አውቃለሁ። ስትናገር የፋብሪካ መስኮት የሚንቀጠቀጥላትን ጫልቱን።

የተዋወቅነው አቃቂ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ሲሆን ባቡሩ ከጅቡቲ እየተመላለሰ፣ የአቃቂ ሰው ሊቶሪና በሚሉት የመንገደኛ ባቡር ጡሩምባ ሰዓቱን የሚያውቅበት ጊዜ ነበር። ሥራ የጀመርኩ ቀን የሽመና ክፍሉን በር ስከፍት የማሽኑ ጩኸት ወደ ኋላ ሊጥለኝ ምንም አልቀረው። ሠራተኞቹ አፍና ጆሮ ገጥመው ይጯጯሃሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። በዚያ ሁሉ መሀል ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ አንድ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

"አንቺ ልጅ! ሻሽሽን እሰሪ! ፀጉርሽን ማሽኑ ይበላዋል!"

ሻሼን አጥብቄ እያሰርኩ ማን እንደተናገረ ፈለግኩ። ግዙፍ ሴት ጠብቄ ነበር። ያገኘኋት ግን አጠር ቀጠን ያለች፣ ትከሻዋ የልጅ ትከሻ የሚመስል፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ የጠመጠመች ሴት ናት። ከኔ ብዙ ትበልጠኝ ስለነበር ለምሳ ስንወጣ "እትዬ" ብዬ አንቱ አልኳት።

"አንቱታውን ለቄሱ አቆይው" አለችኝ። "እኔን አንቺ በይኝ፤ ገና ነኝ።"

ይህን ብላ ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ልማዷ ነበር። በተናገረች ቁጥር፣ ያመለጣትን ነገር ልትመልሰው የፈለገች ይመስል እጇን አፏ ላይ ትጭናለች።

የተወለደችው እዚያው አቃቂ፣ ከወንዙ ማዶ ካለ የገበሬ መንደር ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ወዲያ ማዶ ሲያርስ ምሳው ሲደርስ ከወዲህ ቆማ የምትጠራው እሷ ነበረች። ወንዝ ሞልቶ ሰው መሻገር ሲያቅተው፣ የታመመ፣ የወለደ፣ የሞተ ሲኖር መልእክቱን የምታደርሰው እሷው ናት። "እዚያ ድምፄ ሥራ ነበረው" ትለኝ ነበር። "ከተማ ገባሁና ነውር ሆነ።" ታደሰ የሚባል አንገቱን የደፋ ግንበኛ አግብታ ጣቢያው አጠገብ ጎጆ ስትወጣ፣ አማቷ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ "ልጄ ሚስት አገባ ወይስ መለከት?" ብለው ጎረቤት አሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ነው እጇ አፏ ላይ መሄድ የጀመረው።

ሆኖም ያንን ድምፅ እኛ እንፈልገው ነበር። ከፋብሪካው በር ወጣ እንዳልን የፋብሪካው የራሱ ሐዲድ አለ። ጥጥ የጫኑ ፉርጎዎች ከዋናው መስመር ተነጥለው በሱ በኩል ወደ መጋዘኑ ይገባሉ። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ስለሚገፋቸው ከፊት የሚመጣው ፉርጎው ነው፤ ፉርጎ ደግሞ በዝግታ ሲንከባለል እንደ ድመት ኮሽታ የለውም። እኛ ከሽመና ክፍል የምንወጣ ሰዎች ጆሯችን እንደተደፈነ፣ ደክሞን፣ እያወራን፣ ዓይናችን መንገዱ ማዶ ካለው ጉሊት ላይ ሆኖ በዚያ ሐዲድ እንሻገራለን። ዘበኛ የለም። ሰንሰለት የለም። የነበረችው ጫልቱ ናት።

ፈረቃ ሲያልቅ ቀድማ ትወጣና ሐዲዱ ዳር ትቆማለች። ፉርጎ ብቅ ሲል አንዴ ባማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ "ቁሙ!" ትላለች፤ ያ የተደፈነ ጆሯችን ሳይቀር ይበረገዳል። ሁሉም ሰው ከተሻገረ በኋላ እሷ መጨረሻ ትሻገራለች። ይህን አድርጊ ያላት ሰው የለም። ያመሰገናትም አልነበረም። እንዲያውም አንዳንድ ሰው "ኧረ ይቺ ሴት ጆሯችንን አፈነዳችው" ይል ነበር፤ እሷም አፏን ይዛ አንገቷን ትደፋለች።

የሠራተኛ ማኅበሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ የምንማርበት ዝግጅት አደረገ። የምንማረው ምግብ ቤቱ ውስጥ ነው፤ አስተማሪያችን ብሩክ የሚባል፣ ከዩኒቨርሲቲ ተልኮ አቃቂ ልጆች የሚያስተምር ወጣት ነበር። ዕውቀቱም ትዕግሥቱም ነበረው፤ ድምፅ ግን አልሰጠውም። ገና በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሲያነብ ከፊተኛው ወንበር ያለነው እንኳ አልሰማነውም።

"መምህር!" አለች ጫልቱ ከኋላ። "እኛ እኮ ማሽን ያደነቆረን ሰዎች ነን! ጮክ ይበሉ እንጂ!"

ብርጭቆዎቹ መደርደሪያቸው ላይ ተንጫጩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ብሩክ ራሱ ጠመኔው ከእጁ ወደቀበት። ጫልቱ እንደ ልማዷ አፏን ያዘች፤ ፊቷ ቀላ።

ብሩክ ጠመኔውን አንስቶ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና፣ "እጅዎን ያውርዱ" አላት። "የእርስዎን ድምፅ የመሰለ ድምፅ በእንግሊዝኛ የራሱ ቃል አለው።" ዞረና በትልልቁ ጻፈው። ለኛ እንዲመቸን ከሥሩ በፊደል ደገመው። ስቴንቶሪያን።

"ስድብ ነው?" አለች ጫልቱ፣ እጇን ሳታወርድ።

"ስድብ አይደለም፤ ቅጽል ነው።"

"ቅጽል ደግሞ ምንድን ነው?"

"ስም ፊት ቆሞ ስሙ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገር ቃል። ጥሩ ሰው ስንል ጥሩ፣ ረጅም መንገድ ስንል ረጅም።"

ከዚያ ታሪኩን ነገረን። በጥንት የግሪኮች ተረት ውስጥ ስቴንተር የሚባል ሰው ነበረ። ግሪኮች ባሕር ተሻግረው ትሮይ የምትባል ከተማ ሲከብቡ፣ ለሠራዊቱ መልእክት የሚያሰማው እሱ ነው። ሃምሳ ሰው ባንድ ላይ የሚጮኸውን ያህል ድምፅ ነበረው። እንግሊዞች ታዲያ ያንን ስም ወስደው ቅጽል አደረጉት። ጎልቶ የሚሰማ፣ ሩቅ የሚደርስ ድምፅ ሲሰሙ ስቴንቶሪያን ይሉታል።

"ሰውየው በድምፁ ያፍር ነበር?" አለች ጫልቱ።

ብሩክ፣ "የሚያፍርበት ምክንያት አልነበረም" አለ። "ሠራዊቱ ያለሱ አይሰማም ነበር።"

ስቃ አታውቅም ማለት አልችልም፤ የዚያን ቀኑ ሳቋ ግን ሌላ ነበር። ቃሉን እንድትለው ስትጠየቅ ተነሥታ ቆመች። "እስ-ቴን-ቶሪያን!" ስትል እንደገና ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። በዚህ ጊዜ እጇ ከጎኗ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ቤተኛ ሆነ። ጫልቱ በሱ ያልጠራችው ነገር የለም። ሊቶሪናው ስቴንቶሪያን ነው። የጎረቤት አውራ ዶሮ ስቴንቶሪያን ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ "የዛሬው ቄስ ስቴንቶሪያን ናቸው፤ ያለፈው ሳምንቱ ግን ምኑም አልተሰማኝ" ትላለች። ታናሽ ልጇ በተወለደች ጊዜ አዋላጇ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ስትላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ ልጅቷ ስቴንቶሪያን መሆን አለመሆኗ ነበር ብሎ ታደሰ አጫውቶኛል።

አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም "ሚስተር" የምንለው ነጭ፣ ክር ተበጥሶ ማሽን ልታስቆም ስትጮህ ሰምቶ ጆሮውን ይዞ መጣ። ምን አስጮኸሽ ብሎ በእንግሊዝኛ ተቆጣ። ሁላችንም ማሽናችን ላይ አቀረቀርን።

ጫልቱ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ "ኖ ሻውት፣ ሚስተር። ማይ ቮይስ ስቴንቶሪያን" አለችው።

ሰውየው ደረቀ። ከዚያ እንዴት እንደሳቀ! ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ሲበቃው ቃሉን እንዴት እንደሚባል እያስተካከለ ደገመላትና እጇን ጨብጧት ሄደ። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ሲገባ ከበሩ ሆኖ "ጉድ ሞርኒንግ፣ ስቴንቶሪያን!" ይላታል፤ እሷም ባለ በሌለ ድምጿ ትመልስለታለች። ሐዲዱ ዳር ስትቆምም አንገቷን መድፋት ተወች። ሰው "ጆሯችንን አፈነዳሽው" ቢላት "እግርህ ግን አለ አይደል?" ትለዋለች።

አንገቷ ላይ የምትጠመጥመው ነጠላ የሚሸፍነው እንቅርት እንደነበር ያወቅኩት ትንፋሿ ማጠር ሲጀምር ነው። ከማሽን ወደ ማሽን ስትሄድ ቆም እያለች ታርፋለች። ተኝታ እንደሚያንቃት ታደሰ ሲነግረኝ አስገድጄ ከተማ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ አንገቷን ደጋግሞ ዳሰሰና በግልጽ ነገራት።

"መውጣት አለበት። ግን የድምፅሽ ጅማት እዚያው አጠገቡ ነው። ሊጎዳ ይችላል፤ ላይጎዳም ይችላል።"

"ካልወጣስ?" አለችው።

"ቀስ በቀስ ትንፋሽሽን ይዘጋዋል።"

በአውቶቡስ ስንመለስ ቃሊቲ እስክንደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ከዚያ ከመስኮቱ ሳትዞር፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ስጠላው ኖሬ፣ አስቴር፣ አሁን ገና መውደዴ ነበር" አለችኝ። እጇን ያዝኳት።

ቀጠሮውን አንዴ በልጅ ሕመም፣ አንዴ በበዓል እያሳበበች ገፋችው። ክረምቱ ሲገባ አንድ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ ወደ ብሩክ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

"መምህር፣ ያ ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ?"

"የትኛው ሰውዬ?"

"ስቴንተር ነዋ።"

ብሩክ ሰሌዳውን ማጥፋቱን ተወ። ስለ ሕመሟ ሰምቷል፤ ሊዋሽላት እንደፈለገ ፊቱ ያሳብቅ ነበር። ግን አልዋሸም። "ከአማልክቱ መልእክተኛ ጋር የጩኸት ውድድር ገጠመ ይላሉ። ተሸነፈና ሞተ።"

ጫልቱ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። "ሚስትና ልጆች ነበሩት?"

"እሱን ተረቱ አይናገርም።"

"አይኖሩትም" አለች። "ቢኖሩት ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።" ነጠላዋን አጣፋችና ወጣች። ማክሰኞ አብረን ሄደን ሆስፒታል ተኛች።

ቀዶ ሕክምናው ሕይወቷን አተረፈው። ድምጿ ግን ሄደ። የቀራት ደረቅ ቅጠል መሬት ላይ ሲጎተት የሚሰማውን የመሰለ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ልጠይቃት ቤቷ ስሄድ ታደሰ በር ላይ ተቀብሎኝ፣ "ቤቱ ባዶ ሆነብኝ" አለኝ፤ ሰው መሀል ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ያኔ "መለከት" ብለው የሰደቧት አማቷ እንኳ ከአልጋዋ ግርጌ ቁጭ ብለው፣ "ምነው በጮኸችና ቤቱ በፈረሰ" እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ነበር። ጫልቱ በእጇ ቅረቡ አለቻቸውና ጆሯቸው ላይ የሆነ ነገር ተናገረች። አሮጊቷ በእንባቸው መሀል ፈገግ አሉ። ምን እንዳለቻቸው ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም።

ጫልቱ ገና ሳታገግም ነው ወርቄን ፉርጎ የገጫት። ወርቄ ክር የምታጠነጥን፣ ለሠርጓ የምትዘጋጅ ልጅ ነበረች። ፈረቃ ወጥተን እየሳቅን ስንሻገር ከኋላችን ማንም "ቁሙ" ያለን የለም። ሕይወቷ ተረፈ፤ አንድ እግሯ ተቆረጠ። ጫልቱ ወሬውን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "እኔ ብኖር" አለች።

ወደ ሥራ ስትመለስ ሐዲዱ ዳር እንደ ድሮዋ ቆመች። መጀመሪያ ነጠላዋን ብታውለበልብ ማንም ዞሮ አላያትም። ቆርቆሮ ይዛ መጥታ ደበደበች፤ የደነቆረ ጆሮ ቆርቆሮውን ከየት አምጥቶ ይስማ? አንድ ቀን ፉርጎ እየመጣ ሁለት ሴቶች ሐዲዱ ላይ ቆመው ሲያወሩ ሮጣ በእጇ ገፍታ አወጣቻቸው። እሷም ለጥቂት ተረፈች። ያን ዕለት ጆሮዬ ሥር "እንዲህ አይሆንም" አለችኝ።

የማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ ሥራ አስኪያጁም ተገኝቷል። ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሰው በመስኮት ጭምር ያያል። ስለ ሥራ ልብስ፣ ስለ ሰርቪስ ብዙ ከተወራ በኋላ ጫልቱ እጇን አነሣች። ተነሥታ መናገር ስትጀምር ከየአቅጣጫው "አይሰማም! አይሰማም!" ተባለ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ፣ "አስቴር፣ አጠገቧ ነሽ፤ የምትለውን አንቺ ጮክ ብለሽ በይልን" አለ። እውነትም መልካም አስቦ ነው። እኔም ተነሣሁ።

ጫልቱ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። "ተይኝ፤ ራሴ" አለችኝ።

ከዚያ ቆመች። አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ቆማ ጠበቀች። መጀመሪያ ፊት ያሉት ዝም አሉ። ከዚያ መሀል ያሉት። ቆይቶ ኋላ የነበሩት የሽመና ክፍል ሰዎች ዝም አሉ። ሳህን የሚያጥቡት ሴቶች ማጠባቸውን አቆሙ።

"ይህ ፋብሪካ ዘበኛ ያለው ይመስለው ነበር" አለች በዚያች ሹክሹክታ። "አልነበረውም። እኔ ነበርኩ።"

ፊት የተቀመጡት ሰምተው ለኋለኞቹ አንሾካሾኩ፤ እነሱም ለሌሎቹ። ንግግሯ ከወንበር ወንበር ሲያልፍ ዓይኔ ተከተለው። ቃሉ የደረሰበት ፊት ይለወጣል።

"ማሽኑ ጆሯችንን ወሰደ። በሽታ ድምፄን ወሰደ። ሐዲዱ የወርቄን እግር ወሰደ።" ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆም አለች። "ሌላ ምን እስኪወሰድ ነው የምትጠብቁት?"

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "ጉዳዩ የሚታይ ነው" አለ።

"መቼ?" አለች ጫልቱ።

ይቺ ቃል ለማለፍ ምንም ጊዜ አልፈጀባትም። ከፊት ወደ ኋላ ሄደች፤ ከኋላም ተመለሰች። መቼ፣ መቼ፣ መቼ። ማንም ድምፁን አልጨመረም፤ ሁሉም እንደ እሷ በትንፋሽ ነበር የሚለው። ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ ሰብሳቢው አየ። መጨረሻ ላይ ወደ እሷ አየ። አልተቀመጠችም።

"ሰኞ" አለ።

ብሩክ ይህን አላየም፤ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውሮ ሄዶ ነበር። አድራሻውን ባውቀው እጽፍለት ነበር እያልኩ ስንት ጊዜ ተቆጭቻለሁ።

ሰኞ ፈረቃ ስንወጣ ሐዲዱ ዳር መንገዱን የሚዘጋ ወፍራም ሰንሰለት ተበጅቷል። አንድ ጎልማሳ ዘበኛ ቀይ ባንዲራ ይዞ፣ አዲስ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶት ቆሟል። ፉርጎው ከመጋዘኑ ማዶ ብቅ ሲል ባንዲራውን ዘረጋና ሰንሰለቱን ሳበ። ሁላችንም ቆምን። ጫልቱ ጥግ ላይ፣ የወትሮ ቦታዋ ቆማ አንዴ ዘበኛውን አንዴ ፉርጎውን ታያለች፤ ጥጡ አለፈ፣ ሞተሩ አለፈ፣ ሰንሰለቱ ወረደ።

መሻገር ስንጀምር ክንዴን የያዘኝ ሰው ተሰማኝ። ጫልቱ ናት። ትንሿ ልጇ ጥርስ ማብቀሏን፣ ጡት እየነከሰች ማስቸገሯን ታወራኛለች። እንድሰማት ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ፤ ሴቶቹ ከኋላ እየገፉን፣ ከፊት እየመሩን፣ በመሀላቸው ሆነን ሄድን። ሐዲዱን መሻገራችንን ያወቅኩት ጉሊቱ ጋ ከደረስን በኋላ ነው።